የአባቴ የካዴት ደብተር፣ ሐረር 1956፦ «እግር ታየ» ማለት ምን ማለት ነው?

የቧንቧውሃዋ (ክሩን የከፈተች) · ማክሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። የምጽፈው ከደሴ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጥኑን ከፈትነው። ከልብሶቹ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ «ሐረር፣ 1956» ይላል። አባቴ ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ወጥቶ ሐረር ጦር አካዳሚ መግባቱን እናውቃለን። ስለዚያ ጊዜ ግን አውርቶን አያውቅም። ስንጠይቀው «ተማርን፣ ተመረቅን» ይላል። በቃ።

ደብተሩ የያዘው የመጀመሪያ ዓመቱን ነው። በእርሳስ ነው የጻፈው፤ አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት። ግማሹ ደብዝዟል። ከሚነበበው ላካፍላችሁ፦

መስከረም። ጣርማ በር ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ወርደን አየን። ብርድ።
መስከረም። ፀጉር ተቆረጠ። ቁጥር ተሰጠኝ።
ጥቅምት። ሰልፍ፣ ሰልፍ፣ ሰልፍ።
ኅዳር። እግር ታየ። 3 ቆሰሉ።
ኅዳር። መጨረሻ በላሁ። ወጥ አልቋል።
ታኅሣሥ። ኮምቦልቻ ድረስ በእግር። ስሙን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ።
ጥር። እግር ታየ። ሁሉም ደህና።
የካቲት። ስለ ቶጎ ውጫሌ ይወራል። ሲኒየሮቹ ዝም ብለዋል።
መጋቢት። ሌሊት በኮምፓስ። 7 ሰው ይዤ ጠፋሁ።
ግንቦት። መጨረሻ በላሁ።
ነሐሴ። ደሴ ገባሁ። እማዬ እግሬን አየችው።

«እግር ታየ» 9 ጊዜ አለ። «መጨረሻ በላሁ» ደግሞ 6 ጊዜ። ቅጣት ነው? ያስርቧቸው ነበር? ይህቺ ነገር ሆዴን በልታዋለች። ደግሞስ ከሐረር ኮምቦልቻ በእግር እንዴት ይመጣል? የምታውቁ፣ ወይም በዚያ ያለፈ አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ሐረጎ ቁልቁለት · ማክሰኞ ማታ 3፡05

ነፍስ ይማር እህቴ። የነሐሴዋን መስመር ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩት። የእኔም አባት ወታደር ነበር። አንድ ፊደል እንኳ አልተወልንም። አንቺ ዕድለኛ ነሽ።

---

የቦርከና ልጅ · ማክሰኞ ማታ 3፡22

የኮምቦልቻዋን እኔ ልመልስ። ሹፌር ነኝ፣ የእኛው ኮምቦልቻ ልጅ። አንድ ጊዜ ሐረር ጭነት አራግፌ ስወጣ «ኮምቦልቻ» የሚል ታፔላ አየሁ። መኪናውን አቁሜ ሁለቴ አነበብኩት። ወላሂ ደነገጥኩ! ሰው ጠየቅኩ። ለካ ከሐረር በስተሰሜን ሌላ ኮምቦልቻ አለ። ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፣ የጫትና የድንች አገር።

አባትሽ የሄደው ወደዚያኛው ነው። ከሐረር ብዙ አይርቅም፤ ካዴት በእግሩ ይደርሳል። «ስሙን ስሰማ ሆዴ ተላወሰ» ያለው ገባኝ። እኔ በመኪና ሄጄ፣ በአራተኛው ቀን ቤቴ እንደምገባ እያወቅኩ እንኳ የሆነ ነገር ተሰምቶኛል። እሱ ገና 18 ዓመቱ ይሆናል፤ ከሐረጎ ማዶ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ።

---

የቧንቧውሃዋ · ማክሰኞ ማታ 3፡30

አላህ ይስጥህ ወንድሜ! እኔ እኮ እብድ መስሎኝ ነበር የጻፈው። ሌላ ኮምቦልቻ መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ።

---

መምህር ከሆጤ · ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ታሪክ አስተምራለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ ጣርማ በር። አባትሽ እዚያ ወርዶ ያየው ዝም ብሎ ገደል አይመስለኝም። ደሴ በጣሊያን እጅ የወደቀችው ሚያዝያ 7፣ 1928 ነው። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ከዚሁ ከከተማችን ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ ጣርማ በር ላይ ሊገቱት የወጡት የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ካዴቶች ነበሩ። ትምህርት ቤቱን በ1927 ያቋቋሙት የስዊድን መኮንኖች ናቸው። አለቃቸው ካፒቴን ቪኪንግ ታም ይባል ነበር። ካዴቶቹ ገና ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልተማሩም። የመራቸው ፈረንሳይ አገር ሳን ሲር ጦር ትምህርት ቤት የተማረው ኮሎኔል ክፍሌ ናሲቡ ነው። ጠላት ታንክና አውሮፕላን አለው፤ እነሱ በቁጥር ጥቂት ናቸው። ሊያቆሙት አልቻሉም። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ከካዴቶቹ ውስጥ ወደ ወለጋ ያቀኑት ከዶክተር ዓለም ወርቅ በየነ ጋር ሆነው የጥቁር አንበሳን ጦር አቋቋሙ።

ከደሴ ተነስቶ ካዴት ሊሆን የሚሄድ ልጅ፣ እነዚያ ካዴቶች በቆሙበት ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርድ ውስጥ ከአውቶቡስ ሲወርድ ይታያችሁ። ማን እንደነገረው አላውቅም። ግን ጽፎታል።

ሁለተኛ ቶጎ ውጫሌ። ከአምባሰሉ ውጫሌ ጋር አታምታቱት። የአምባሰሉ በ1881 ውል የተፈረመበት ነው። ቶጎ ውጫሌ የሶማሊያ ድንበር ላይ ነው። በየካቲት 1956 ውጊያ ተነስቶበት ነበር። መጋቢት ላይ በሱዳን ሽምግልና ካርቱም ላይ ተስማሙና ተኩሱ ቆመ። የ3ኛ ክፍለ ጦር መቀመጫ ሐረር ነበር፤ አዛዡ ጄኔራል አማን አንዶም። ስለዚህ ካዴቶቹ ጦርነቱን በሬዲዮ ብቻ አልሰሙትም። ደጃፋቸው ላይ ነበር።

---

ናቲ ፒያሳ · ረቡዕ ቀን 8፡50

እህቴ፣ አያቴ ሐረር አካዳሚ ነው የተማረው። የጻፍሽውን አነበብኩለት። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «ማታ ና፣ እነግርሃለሁ፣ ትጽፍልኛለህ» አለኝ። ማታ እመለሳለሁ።

---

ናቲ ፒያሳ (አያቴ እንደነገረኝ) · ረቡዕ ማታ 4፡10

ልጄ፣ ነፍሱን ይማረው። የምናገረው እኔ ነኝ፣ የሚጽፈው ናቲ ነው። ዓይኔ ስልክ አይችልም።

ሐረር የገባሁት በ1954 ነው። አካዳሚው ከተከፈተ አራት ዓመቱ ነበር። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። አባትሽ ሲገባ እኔ መጨረሻው ዓመት ላይ ነበርኩ። ስለዚህ «ሲኒየሮቹ» ያለን እኛን ነው።

መጀመሪያ አንቺን ያስጨነቀሽን ልመልስ። «መጨረሻ በላሁ» ቅጣት አይደለም። ማንም አላስራበውም። ተረኛ የጓድ መሪ ሆኖ ነው። አንደኛ ዓመት ካዴት በየተራው ጓደኞቹን ይመራል። ያ ሳምንት ሲደርስህ፣ መስክ ላይ ምግብ ሲታደል ድስቱ አጠገብ ትቆማለህ። ሁሉም ይበላል። የመጨረሻው ሰው ሳህኑን ይዞ ሲቀመጥ ያን ጊዜ የአንተ ተራ ነው። ካለ ትበላለህ። ወጥ ካለቀ ደረቁን ትበላለህ። አባትሽ ስድስት ጊዜ ጻፈው? ስድስቱንም አስታውሶታል ማለት ነው። እኔም አስታውሳለሁ። የመጀመሪያ ቀን እልህ ይዞኝ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

አስተማሪዎቻችን ህንዶች ነበሩ። እንግሊዝኛቸውን ለመልመድ አንድ ወር ፈጅቶብናል። አንድ ሻለቃ ነበር። ዴራዱን የሚባለው የእነሱ አካዳሚ በ1932 በፈረንጅ ሲከፈት ፊልድ ማርሻል ቼትዉድ የተናገረውን ቃል ያስጠናን ነበር። ነገሩ ሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ፣ ሁልጊዜም፣ የአገርህ ደህንነትና ክብር። ቀጥሎ የምታዛቸው ወታደሮች ክብርና ምቾት። የራስህ ምቾት መጨረሻ፣ ሁልጊዜም መጨረሻ። በክፍል ስትሰሚው ያምራል። ድስቱ አጠገብ ስትቆሚ ሌላ ነው።

አሁን ወደ እግር ልምጣ።

ረጅም ጉዞ ተሂዶ ሲደረስ፣ ውሃ ከመጠጣትም በፊት፣ ሰው ሁሉ በመስመር ይቀመጣል። ጫማ ይወልቃል። ካልሲ ይወልቃል። መሪው ባትሪ ይዞ ይንበረከክና የእያንዳንዱን ሰው እግር በእጁ ያነሳል። ተረከዙን ያያል። ጣት ከጣት እየለየ መሀሉን ያያል። ውሃ የቋጠረ ካለ አያፈርጥም፣ ቆዳውን አይልጥም። ያደርቀዋል፣ ይሸፍነዋል፣ ደረቅ ካልሲ ያስለብሳል። ከዚያ ተነስቶ ስንት ሰው እንደቆሰለ ለሻለቃው ይናገራል። «3 ቆሰሉ» ያለው ይህንን ነው። ቁጥሩን ካላወቅክ ትመለሳለህ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ሰው።

እኛ መኮንን ልንሆን የመጣን ልጆች ነን። ከ12ኛ ክፍል የወጣን፣ በሰፈራችን አንቱ ልንባል ነው ብለን ያሰብን። ተንበርክከህ የጓደኛህን የሸተተ እግር ያዝ ስትባል ምን እንደሚሰማ ልነግርሽ አልችልም። አንዱ የጎጃም ልጅ «ይሄ የጸሎተ ሐሙስ ሥራ ነው» አለ። ሳቅን። በኋላ ግን ሳቁ ቀረ። እግሩን ያየህለትን ሰው አትረሳውም። እሱም አይረሳህም።

ዓመቱ እንዲህ ነው የሚሄደው። እስከ ኅዳር ሰልፍ ነው። ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ይነፋል። ሩጫ፣ ከዚያ አልጋ፣ ከዚያ ጫማ። ጫማህ ላይ ፊትህ መታየት አለበት። ቀን ሒሳብ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፤ ከዚያ መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ ካርታ ንባብ። ከኅዳር ጀምሮ መስክ ነው። ክረምት ሲገባ ፈተና፣ ከዚያ ዕረፍት። ሰው ቤቱ ይሄዳል። ለወሎ ልጅ ረጅም ነው፤ እስከ ድሬዳዋ በመኪና፣ ከድሬዳዋ በባቡር፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር።

የመጋቢቷን ሌሊት ልንገርሽ። «7 ሰው ይዤ ጠፋሁ» ያላትን። ሁላችንም ጠፍተናል። እኔ በተራዬ ስጠፋ ለማንም አልተናገርኩም። አፈርኩ። ኮምፓሱን እያየሁ የማውቅ መስዬ እስከ ንጋት አስኬድኳቸው። ሲነጋ የማናውቀው ሸለቆ ውስጥ ነን። ሻለቃው «መጥፋትህን መቼ አወቅክ?» አለኝ። «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» አልኩ። «እስከ 12 ሰዓት ለማን ነበር የደበቅከው?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። 60 ዓመት አለፈው። አሁንም መልስ የለኝም። አባትሽ ግን ጽፎታል። የጻፈ ሰው ለጓደኞቹም ነግሯቸዋል ብዬ አምናለሁ።

«ሲኒየሮቹ ዝም ብለዋል» ላለው፣ ዝም ያልንበትን ምክንያት ልንገርሽ። ከእኛ በፊት የተመረቁት ድንበር ላይ ናቸው። አልጋቸውን የወረስን፣ ጫማ መጥረግ ያስተማሩን ልጆች። እኛ ደግሞ ልንመረቅ ወራት ነው የቀረን። ማታ ማታ የከባድ መኪና ድምፅ ወደ ጅጅጋ ሲያልፍ እንሰማለን። ምን ይወራል?

ደከመኝ ልጄ። የአባትሽን ስም እዚህ አትጻፊው። ለናቲ በውስጥ ላኪለት። ፎቶ ካለሽም ላኪ። ፊት አልረሳም።

---

የቧንቧውሃዋ · ረቡዕ ሌሊት 6፡20

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ማዕድ ቤት ተቀምጬ እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

እርስዎ የማያውቁትን ልንገርዎት። እኛ አምስት ልጆች ነን። የደሴ ክረምት እንዴት እንደሆነ ያውቁታል፤ ጭቃው፣ ጉሙ። ሁልጊዜ ማታ አባቴ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ይጠራናል። በተራ። ትንሿ መጀመሪያ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አለ። እግራችንን ያነሳና በባትሪ ያያል። ጣት በጣት እየለየ። ምንም አያወራም። ደህና ከሆነ ተረከዛችንን ቸብ ያደርገዋል፤ ሂጂ ማለቱ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ አየው። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ አፍሬ ነበር የምሞተው። አንድ ቀን «እኔ ልጅ አይደለሁም» ብዬ ጮህኩበት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔን አልጠራኝም። አራቱን ብቻ ይጠራል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ምግብም እንደዚያው ነው። ከእኛ ጋር አብሮ በልቶ አያውቅም። እማዬ «ና እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» ትለዋለች። «ልጆቹ ይብሉ» ይላል። ኩራት ይመስለኝ ነበር። ከእኛ ጋር መብላት የማይወድ ይመስለኝ ነበር። ስንጨርስ መሶቡን ወደ ራሱ ይስብና የተረፈውን ይበላል። ብዙ ጊዜ ወጥ አልቋል።

ለካ ተረኛ ነበር።

---

ተራ ወታደር ነበርኩ · ሐሙስ ጠዋት 12፡45

የተከበሩ አባት ያሉት እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ሙሉውን ለማወቅ የእኔም ይነገር። ወታደር ነበርኩ፣ መኮንን አይደለሁም። መጨረሻ የበላ መቶ አለቃ አይቻለሁ። መጀመሪያ የበላ፣ ለብቻው የተሠራለትን የበላም አይቻለሁ። የአንዱን ስም ዛሬም በጸሎቴ አነሳለሁ። የሌላውን ባላስታውስ እመርጣለሁ። ሁሉም ያንን ትምህርት ተምሯል። ሁሉም ግን አልያዘውም።

---

ናቲ ፒያሳ (አያቴ) · ሐሙስ ቀን 6፡30

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። አብረውኝ ከተማሩት መካከልም ነበሩ። ያንተ ቃል እዚህ ክር ላይ በመኖሩ ደስ ብሎኛል። ካዴት እያለህ የሚያይህ ሻለቃ አለ። በኋላ የሚያይህ የለም፣ ወታደሮችህ ብቻ ናቸው። አንተ አይተሃል።

---

ከስክስ · ሐሙስ ማታ 1፡10

እኔ በቅርብ ዓመታት ነው እጩ መኮንን ሆኜ ያለፍኩት። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሰኞ ገበያ። እግር ማየት አለ፣ ዛሬም። ከእኛ ጋር ሴቶችም ነበሩ። አንዷ የመቶ መሪ በሆነችበት ሳምንት የ40 ኪሎ ሜትር ጉዞ ደረሰባት። ጨርሰን እንደወደቅን ባትሪ ይዛ መጣች። አንዱ ጓደኛችን አፍሮ ካልሲውን አላወልቅም አለ። ቆማ ጠበቀችው። አወለቀ። ሁለቱም ተረከዙ ተልጦ ደም ነበር። በማግስቱ መኪና ላይ አስጫነችው። ባታየው ኖሮ ያ ልጅ ትምህርቱን ያቋርጥ ነበር።

ለማንኛውም ልጅ ለሚልክ ቤተሰብ አንድ ምክር አለኝ። በሶና ዳቦ ቆሎ ላኩ፣ ጥሩ ነው። ግን ከሁሉም በፊት ካልሲ። ብዙ።

---

መምህር ከሆጤ · ሐሙስ ማታ 1፡40

የቧንቧውሃዋ፣ ደብተሩን አደራ። ፕላስተር አትለጥፊበት፣ ላሚኔት እንዳታስደርጊው። የእርሳስ ጽሑፍ ሲታሽ ይጠፋልና ገጾቹን ብዙ አታገላብጪ። በቀን ብርሃን በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ገጽ በገጽ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን። የደበዘዘው እርሳስ ያን ጊዜ ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

---

ሐረጎ ቁልቁለት · ሐሙስ ማታ 2፡00

ለሙዚየም ቢሰጥስ?

---

የቧንቧውሃዋ · ቅዳሜ ማታ 2፡15

ለጊዜው ቤታችን ይቆያል። መምህር፣ እንዳሉኝ አድርጌ ፎቶ አነሳሁት። አንድ ተጨማሪ «እግር ታየ» ወጣ። 10 ሆነ።

ዛሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። የእኛው ኮምቦልቻ። አክስቴ እዚያ ናት፣ የአባቴ ታናሽ እህት። 68 ዓመቷ ነው። የነሐሴዋን መስመር አነበብኩላት። «እማዬ እግሬን አየችው» የሚለውን። ቡናው ተፈልቶ ነበር፣ ሲኒውን አስቀመጠችው።

ያን ማታ እሷ ነበረች ኩራዝ የያዘችው። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቴ ዝናብ መትቶት ገባ። ከዓመት በኋላ ነው የሚያዩት። አያቴ መደብ ላይ አስቀመጠችው፣ ጫማውን ራሷ ፈታችው። እግሩን አገላብጣ አየች። ውስጥ እግሩ እንደ ጠፍር ደርቆ ነበር አለች አክስቴ። አያቴ ምንም አላለችም። ለጋ ቅቤ አምጥታ ትቀባው ጀመር።

«ሳያስጨርሳት ወደ እኔ ዞረ» አለችኝ። «‹ነይ› አለኝ። ኩራዙን ከእጄ ወሰደና እግሬን አነሳ። እሾህ ገብቶብኝ ነበር። ሦስት ቀኔ ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ እማዬ ትቆጣኛለች ብዬ። እሱ አየው። በመርፌ አወጣልኝ። ከዚያ ተረከዜን ቸብ አደረገው።»

አባባ፣ አክስቴ ፎቶ ሰጥታኛለች። በዩኒፎርም ነው፣ ከሌሎች ሦስት ካዴቶች ጋር። ለናቲ ዛሬ ማታ እልካለሁ። ከግራ ሁለተኛው ነው።